የኮምፒዩተር አምሳያ ለኮሚክ ሠዓሊ ምን ይጠቅማል?

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በመጽሔታችን የሥዕል ገጾች ላይ አንድ ነገር ሳይታወቅ እየበዛ መጥቷል። ሽማግሌው፥ ፖሊሱ፥ የጉልት ነጋዴዋና የአንደኛ ዓመት ተማሪው በአንድ ገጽ ላይ ጐን ለጐን ተሥለው ሲታዩ፥ ልብሳቸው የተለያየ ይሁን እንጂ ትከሻቸው አንድ፥ ወገባቸው አንድ፥ አቋቋማቸውም አንድ ነው። ሁሉም ከአንዲት እናት በአንድ ቀን የተወለዱ ይመስላሉ። እናታቸውም የታወቀች ናት፤ በኮምፒዩተርና በስልክ ውስጥ የምትገኘው ዲጂታል አምሳያ ናት።

ይህን የምጽፈው አምሳያዋን ለመኰነን አይደለም። እንዲያውም ጥቅሟ ብዙ ስለ ሆነ፥ በሥዕል ታሪክ ለመንገር የሚሻ ተማሪ ሁሉ አያያዟን ቢማር መልካም ነው በማለት ነው። ዳሩ ግን ምን እንደምታውቅና ምን እንደማታውቅ ሳይለይ የሚጠይቃት ሰው፥ ስለ ሕግ ጉዳይ አናጢ እንደሚያማክር ሰው ነው። አናጢው መልካም ሰው ሊሆን ይችላል፤ ክርክሩ ግን መሸነፉ አይቀርም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።)

ነገሩን ለማያውቁት አንባብያን በአጭሩ ላስረዳ። ዲጂታል አምሳያ ማለት በኮምፒዩተር ውስጥ ርዝመት፥ ወርድና ጥልቀት ተሰጥቶት የተሠራ የሰው ቅርጽ ነው። በውስጡ እንደ አጥንት የሚያገለግል መዋቅር ስላለው ክርኑን፥ ጉልበቱንና አንገቱን እየያዙ ማጠፍና ማዞር ይቻላል። ከዚያም ሠዓሊው ከላይም፥ ከታችም፥ ከጐንም እየዞረ ይመለከተዋል፤ የፈለገውንም አቋም አስይዞ እያየ ይሥላል። በ1995 ፍራክታል ዲዛይን የተባለው ኩባንያ «ፖዘር» የሚባለውን ፕሮግራም ለገበያ ሲያቀርብ፥ ላሪ ዋይንበርግ የተባለው ፈጣሪው ያሰበው በሠዓሊዎች ጠረጴዛ ላይ የሚቆመውን ባለ መገጣጠሚያ የእንጨት አሻንጉሊት በኮምፒዩተር ለመተካት ነበር። ዛሬ ብዙ የኮሚክ ሠዓሊዎች የሚሠሩበት የጃፓኑ «ክሊፕ ስቱዲዮ ፔይንት» አምሳያዎቹን በውስጡ ይዞ ይመጣል። ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ደግሞ «ሜክ ሂውማን»ና «ብሌንደር» በነፃ ይገኛሉ።

በመካከላችን ይህ ነገር በተነሣ ቍጥር ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንደኛው ወገን «ከአምሳያ መሣል ኩረጃ ነው፤ እውነተኛ ሠዓሊ ከራሱ አእምሮ አውጥቶ ይሥላል» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ማሽኑ ያለ ችግር የሚያሳየንን አጥንትና ጡንቻ ስናጠና ለምን እንከርማለን?» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሆኖም የመጀመሪያው ወገን የሥዕልን ታሪክ፥ ሁለተኛው ወገን ደግሞ የሰውን ገላ በሚገባ አላጤነም።

ለመጀመሪያው ወገን መልስ የሚሆነው የቬኒሱ ሠዓሊ ቲንቶሬቶ ነው። ይህ ሰው በ16ኛው መቶ ዓመት የኖረ ሲሆን ትንንሽ የሰው ቅርጾችን በሰምና በሸክላ አፈር ይሠራ ነበር። በእራፊ ጨርቅ ያለብሳቸዋል፤ ከእንጨትና ከካርቶን በሠራቸው ትንንሽ ቤቶች ውስጥ ያቆማቸዋል፤ በመስኮቶቹም መብራት እያስገባ ብርሃኑና ጥላው እንዴት እንደሚወድቅ ያጠናል። ሌሎቹን ደግሞ በክር ከጣራው ያንጠለጥልና ከሥራቸው ሆኖ ያያቸዋል። በ1548 በሣለው «የባሪያው ተአምር» በተባለው ሥዕል ላይ ቅዱስ ማርቆስ ከሰማይ ቁልቁል፥ ራሱን ወደ ታች አድርጎ ሲወረወር ይታያል። በዚያ አቋም በአየር ላይ ቆሞ ሊያሳይ የሚችል ሰው በምድር ላይ ስለ ሌለ፥ ይህን ሥዕል ያየ ሁሉ ሠዓሊው አሻንጉሊት ለምን እንደሚያስፈልገው ወዲያው ይገባዋል። የፈረንሳዩ ኒኮላ ፑሳንም ከእርሱ በኋላ የሰም ቅርጾችን በሣጥን ውስጥ እያቆመ ያጠና ነበር። እነዚህን ሰዎች ኰራጆች የሚላቸው ካለ ሥራቸውን ያሳየን።

በኮሚክ ሥዕልም ቢሆን ልማዱ አዲስ አይደለም። የቤልጅጉ ኤርዤ በ1953 እና በ1954 በሁለት መጽሐፍ የወጣውን የቲንቲንን የጨረቃ ጉዞ ሲሠራ፥ ረዳቶቹ ከማንኛውም አቅጣጫ ሳይሳሳቱ እንዲሥሉ የሮኬቱን ሞዴል አሠርቶ ነበር። ልብ በሉ፦ ሞዴሉ የተሠራው ለሮኬቱ ነው። ሮኬት ስለማይደክምና ስለማይፈራ፥ በየትኛውም ሣጥን ውስጥ ያው ሮኬት ነው። ለሰዎቹ ግን ኤርዤ አብረውት የሚሠሩትን እያስቆመ፥ እያስጐነበሰና እያስሮጠ ይነድፍ ነበር። አሜሪካዊው አሌክስ ሮስም በ1994 «ማርቭልስ»ን፥ በ1996 «ኪንግደም ከም»ን በቀለም ሲሥል፥ ወዳጆቹንና ዘመዶቹን አስቁሞ ፎቶግራፍ እያነሣ ነው የሠራው። በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ታሪኩን የሚያይልን ሽማግሌ ሰባኪ የተሣለው ከሠዓሊው አባት መልክ ነው፤ አባቱም በእውነት ሰባኪ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ማመሳከሪያ ይዘው የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ለየትኛው ጥያቄ የትኛውን ማመሳከሪያ እንደሚጠሩ ግን ያውቁ ነበር።

እንግዲህ አምሳያዋ በእርግጥ የምታውቀው ምንድን ነው? አምሳያዋ የምታውቀው «የት» የሚለውን ነው። ከዚህ ቦታ ቆሜ ሳይ ክርኑ የት ይውላል? ጉልበቱ ደረቱን ይከልለዋልን? የጫማው ሶል ይታያልን? እነዚህ የቦታና የልክ ጥያቄዎች ናቸው፤ ለእነርሱም የምትሰጠው መልስ ከማንኛችንም ግምት ይበልጣል።

በተለይም ወደ ተመልካቹ የተዘረጋ እጅና እግር አጥሮ የሚታይበት ሁኔታ የጀማሪ ሁሉ ፈተና ስለ ሆነ ጥቂት ላብራራው። አንድ ነገር ለዓይን የሚታይበት መጠን ከርቀቱ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ ርቀቱ ግማሽ ሲሆን መጠኑ እጥፍ ይሆናል። አንድ ሰው እጁን ወደ እኛ ዘርግቶ መዳፉ ከፊቱ 60 ሳንቲ ሜትር ቀድሞ ይገኝ እንበል። ከፊቱ 6 ሜትር ርቀን ብናየው መዳፉ ከእኛ 5 ሜትር ከ40 ይርቃል፤ ስለዚህ ከፊቱ ጋር ሲነጻጸር ከልኩ አንድ ዘጠነኛ ያህል ብቻ ተልቆ ይታያል። ይህንንማ ማንም ልብ አይለውም። ከፊቱ 1 ሜትር ከ20 ላይ ብንቆም ግን መዳፉ ከእኛ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ እጥፍ ሆኖ ይታያል። የሰው እጅ ከአንጓው እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ ሲለካ ከአገጩ እስከ ግንባሩ አጋማሽ ያህል ነው፤ እንግዲህ እጥፍ በሆነ ጊዜ ፊትን በሙሉ ለመሸፈን ይበቃል። ያው ሰው፥ ያው እጅ፥ ያው አቋም፤ የተለወጠው እኛ የቆምንበት ቦታ ብቻ ነው።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። አብዛኛው ተማሪ አምሳያዋን ሲያጣጥፍ ሰዓታት ያጠፋል፤ ካሜራውን ግን ፕሮግራሙ ባስቀመጠለት ቦታ ይተወዋል። በዚህ ምክንያት ጠብም ሆነ ለቅሶ፥ ሰርግም ሆነ ስብሰባ፥ ሁሉም ከአንድ ርቀት የታየ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ የሌንሱን ቍጥር ይነካካል። ሌንሱ ግን የሚያደርገው እይታውን ማስፋትና ማጥበብ ብቻ ነው፤ ቅርጹን የሚያስረዝመውና የሚያሳጥረው ርቀቱ ነው። ስለዚህ አምሳያዋን ከማጠፋችሁ በፊት ለራሳችሁ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ ይህን ነገር የሚያየው ማን ነው? የትስ ቆሟል? ባለጋራው በክንድ ርቀት ነውን? ወይስ ጐረቤት ከሰገነት ላይ? ይህ ሲታወቅ የካሜራው ቦታ ራሱ ይታወቃል።

ብዙ ሰው በአንድ ሣጥን ውስጥ በሚሣልበት ጊዜም አምሳያዋ መልካም አገልጋይ ናት። የተመልካቹ ዓይን ከመሬት 1 ሜትር ከ60 ከፍ ያለ ከሆነና ሰዎቹም በደልዳላ ቦታ የቆሙ፥ ዓይናቸው በዚያው ከፍታ ያለ ከሆነ፥ ቅርብ ያለውም ሩቅ ያለውም ሰው ዓይኑ በአንድ መስመር ላይ ይውላል፤ የሚለያየው እግራቸው የሚያርፍበት ቦታ ነው። ይህን ሕግ የማያውቅ ተማሪ ከኋላ ያሉትን ሰዎች ድንክ ያደርጋቸዋል፥ ወይም በአየር ላይ ያንሳፍፋቸዋል። ስድስት አምሳያ አቁማችሁ አንድ ጊዜ ብታዩት ሁለተኛ አትረሱትም።

ዳሩ ግን በዚህ ረገድ እንኳ ማሽኑ ወሰን አለው። አሜሪካዊው ጃክ ኪርቢ የሣላቸውን ጀግኖች ያየ ሰው፥ ቡጢያቸው ከገጹ ወጥቶ አፍንጫው ላይ የሚያርፍ ይመስለዋል። ቡጢው በጣም ከቅርብ እንደ ታየ ሆኖ ገዝፏል፤ ፊቱ ግን ከሩቅ እንደ ታየ ሆኖ ሙሉውን፥ ከነቍጣው ይታያል። አንድ ካሜራ በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ መቆም አይችልም፤ እርሳስ ግን ይችላል። ኪርቢን በአምሳያ ለማረም የሚነሣ ሰው ቡጢውን ትንሽ፥ ልኩንም ትክክል፥ ምቱንም ቀዝቃዛ ያደርገዋል።

አሁን ደግሞ ወደማታውቀው ነገር እንለፍ፤ ይኸውም ክብደት ነው። በአንድ እግሩ ተደግፎ የሚቆምን ሰው ተመልከቱ። ከጉሮሮው ሥር ካለችው ጐድጓዳ ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ቢወርድ ክብደቱን በተሸከመው እግር ቁርጭምጭሚት አጠገብ ያርፋል። በዚያ በኩል ያለው ዳሌ ወደ ላይ ይገፋል፤ በዚያው በኩል ያለው ትከሻ ደግሞ ዝቅ ይላል፤ አከርካሪውም በሁለቱ መካከል ይቀለበሳል። አምሳያዋን ግን አንድ እግሯን ብታነሡላት ዳሌዋ እንደ ሚዛን ደልዳላ ሆኖ ይቀራል። አትወድቅም እኮ! ብትወድቅማ ኖሮ ትልቅ ትምህርት ይሆነን ነበር። በጀርባዋ እንስራ ብታስቀምጡባትም እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ትቆማለች። እንስራ ያዘለች ሴት ግን ወደ ፊት ታዘነብላለች፤ የእርሷና የውሃው ክብደት ተደምሮ በእግሮቿ ላይ ካላረፈ ወደ ኋላ ትወድቃለችና። መርካቶ ኩንታል የተሸከመውን ሰው ብታዩት አንገቱ ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ፥ ጉልበቱ ጥቂት ታጥፎ፥ እርምጃው አጭርና ፈጣን ነው። ይህ ሁሉ በማንኛውም የአምሳያ አቋም መዝገብ ውስጥ ቢፈለግ፥ አቋሙ እንጂ ኩንታሉ አይገኝም።

ሁለተኛው ድካሟ ትከሻዋ ነው። የሰው ክንድ ከጐኑ ተነሥቶ ወደ ሰማይ እስኪቀና ድረስ ከሚሄደው 180 ዲግሪ ውስጥ ሲሶው ያህል የሚመጣው በጀርባ ላይ ካለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት መዞር ነው። በዚህ ጊዜ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት አብሮ ይነሣል፤ የደረቱ ጡንቻም ተስቦ ይወጠራል። በአብዛኞቹ ቀላል አምሳያዎች ግን የሚዞረው ክንዱ ብቻ ስለ ሆነ፥ ብብቱ እንደ ተበሳ ጎማ ይሟሽሻል። የእጅ አንጓም ሲጠመዘዝ እንደ ከረሜላ መጠቅለያ ይሸበሸባል። ምክንያቱም ቆዳዋ በአጥንቶቹ ላይ በስሌት የተለጠፈ ልጥፍ እንጂ፥ ከሥሩ ሥጋና ጅማት ያለው ነገር ስላልሆነ ነው። በድንጋይ ላይ ስትቀመጥም ጭኗ አይዘረጋም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደ ተቀመጠ ትሆናለች። የሁለተኛው ወገን ወዳጆቼ አጥንትና ጡንቻ ማጥናት ለምን ያስፈልጋል ሲሉ መልሴ ይህ ነው፦ ማሽኑ ሲሳሳት የሚያርመው ማን ነው?

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይልቅ እኛን ይመለከታል። ፕሮግራሙ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚቀርበው ገላ ወጣት፥ ጤነኛ፥ ሰፊ ትከሻና ቀጭን ወገብ ያለው፥ ቁመቱም ብዙ ጊዜ ስምንት ራስ ያህል የሆነ ነው። ይህን ልክ አንድሩ ሉሚስ በ1943 ባሳተመው የሥዕል መማሪያ ለሠዓሊ እንደሚመች ልክ አድርጎ አቅርቦት ነበር፤ የተለመደው ሰው ግን ሰባት ተኩል ራስ ገደማ ነው። አራስ ሕፃን ደግሞ አራት ራስ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ አምሳያዋን አሳንሳችሁ «ልጅ» ብትሏት የተገኘው ልጅ ሳይሆን ትንሽ ጐልማሳ ነው። እርግጥ ዕድሜን፥ ውፍረትንና ቁመትን መለወጫ በየፕሮግራሙ ተዘጋጅቷል፤ በ«ሜክ ሂውማን» ውስጥ እንዲያውም ይህ ዋናው ሥራ ነው። ዳሩ ግን ስንቶቻችን ነን መለወጫውን የምንነካው? ያንኑ ገላ እንዳለ ወስደን ጋቢ ደረብንበትና «አባ እንቶኔ» አልነው። ከጋቢው ሥር ግን የዋና ተወዳዳሪ ቆሟል። ሽማግሌ ሰው በደረቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አንገቱ ወደ ፊት ይወጣል፤ ጉልበቱም አይቀናም። በአገራችን የተሣለና የእኛን ሰዎች እንዲመስል የታሰበ ሥራ እንዲህ ከሌላ ዘንድ በተውሶ የመጣ ገላ ሲይዝ፥ አንባቢው ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ እንግድነቱ ይሰማዋል።

ጋቢና ነጠላ ከተነሣ ዘንድ፥ በአምሳያ ላይ ጨርቅ በስሌት ማልበስ ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙ ድካም አለው፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ አንሶላ ይመስላል። ጋቢ ወፍራም ስለ ሆነ እጥፉ ጥቂትና ክብ ነው፤ ነጠላ ስስ ስለ ሆነች እጥፏ ብዙና ሹል ነው። ሁለቱም የሚንጠለጠሉት ከትከሻና ከክርን ስለ ሆነ እጥፋቸው ሁሉ ከእነዚያ ነጥቦች ይጀምራል። ይህን ለማየት ጋቢውን በወንበር መደገፊያ ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል። ኤሌክትሪክም አይጠይቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሥዕልን በሣጥን ከፋፍሎ ታሪክ መንገር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በ44 ሣጥኖች ከፋፍለው፥ በየሣጥኑም ጽሑፍ አክለው የሚያቀርቡት የባህል ሥዕሎች በብዙ ቤት ተሰቅለው ይታያሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ጻድቃን ፊታቸው በሙሉ፥ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ፥ ሰይጣንና ክፉዎች ግን ከጐን፥ በአንድ ዓይን መሣላቸው የታወቀ ሥርዓት ነው። እነዚያ ሠዓሊዎች ልክ መለካት አቅቷቸው ሳይሆን፥ ተመልካቹ ማንን ማመን እንዳለበት በአንድ እይታ እንዲያውቅ ፈልገው ነው። በ2018 የወጣውን የ«ጀምበር»ን ኮሚክ ያነበበ ሰውም የአማርኛ ተናጋሪ ጀግና በዘመናዊው አሣሣል ሊቀርብ እንደሚችል አይቷል። እንግዲህ አምሳያዋ የምትነግረን የፊቱን አቅጣጫ ነው፤ ፊቱ ለምን ወደዚያ እንደ ዞረ የምንወስነው እኛው ነን።

ወደ ሥራው እንግባ። የምንሥለው አንድ ሣጥን ብቻ ነው። የሚኒባስ ታክሲ ረዳት፥ ወያላ የምንለው፥ መኪናው ገና ሳይቆም ከበሩ ወጥቶ፥ በአንድ እጁ የጣራውን ጠርዝ ይዞ፥ በሌላው ወደ እኛ እየጠቆመ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ብሎ ይጣራል። እኛ በእግረኛ መንገድ ላይ ቆመን እናየዋለን።

መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ይቈይ። የክብሪት ቀፎ በምታህል ሣጥን ውስጥ ስድስት ንድፍ ሣሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ ከሦስት መስመር በላይ አታብዙ፦ ከራሱ እስከ ቆመበት እግር የሚወርድ አንድ ቅስት፥ የትከሻው ተዳፋት፥ የዳሌው ተዳፋት። ይህ ሰው የቆመ ሰው አይደለም፤ የተንጠለጠለ ሰው ነው። ጣራውን የያዘው ክንድ እንደ ገመድ ተወጥሯል፤ ቀሪው ገላው ከዚያ ገመድ ወደ ውጭ ይረግባል። ስድስት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የመጀመሪያው ንድፍ ብዙውን ጊዜ ቀደም ብለን ያየነው የሌላ ሰው ሥዕል ነው። አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ወያላው መታየት ይጀምራል።

የወደዳችሁትን ከመረጣችሁ በኋላ የማታውቁትን በወረቀት ላይ በጥያቄ መልክ ጻፉ። የሚጠቁመው ክንድ ስንት ያህል ያጥራል? በአየር ላይ ያለው እግር ሶሉ ይታያልን? የመኪናው ወለል ከዓይናችን በታች የት ይውላል? ከዚህ ቀጥሎ ብቻ አምሳያዋን ክፈቱ። ለመኪናው አንድ ሣጥን ይበቃል። ካሜራውን ከመሬት 1 ሜትር ከ60 ከፍ አድርጋችሁ፥ ከፊቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቁት። ገላውን በመረጣችሁት ንድፍ መጠን አስተካክሉ። ንድፉን ለአምሳያዋ ብላችሁ አትለውጡ፤ አምሳያዋ ለንድፉ ትታዘዝ። ዳሌውን በእጃችሁ አዘንብሉ፤ የተዘረጋውን ክንድ ትከሻም አንሡ፤ እርሷ በራሷ አታደርገውምና።

ከዚያም በሌላ ወረቀት ላይ የጠየቃችሁትን ብቻ አጥኑ። ክንዱን እንደ ሁለት ቱቦ፥ መዳፉን እንደ አንድ ሣጥን አድርጋችሁ ንደፉ፤ የቱቦውንም አፍ ክብ መስመር አትርሱ፤ ክንዱ ወደ እኛ መምጣቱን የሚናገረው እርሱ ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ዝጉትና ሣጥኑን ከንድፋችሁና ከጥናታችሁ ሣሉ። ዝጉት ያልኩበት ምክንያት፥ አምሳያዋ ከፊት ተከፍታ ሳለች እጅ ሳይታዘዝ ዳር ዳሯን መከተል ስለሚጀምር ነው። ዳር ዳሩ የተገለበጠ ሰው ልኩ ትክክል ሆኖ ሳለ በውስጡ ሰው የለበትም። ቤቱን፥ መኪናውንና ደረጃውን ግን በላዩ ላይ ብትገለብጡ እኔ አልቃወምም። በአንድ ታሪክ ውስጥ አንድ ክፍል ሃያ ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ መስኮቱ በየገጹ ቦታ እንዳይቀይር ማሽኑ ቢጠብቅልን ምን ነውር አለው?

አሁን ወደ ታክሲ መያዣው ሂዱና እውነተኛውን ወያላ ተመልከቱ። ሃያ ብር የማይጠይቅ ሞዴል ነው። ብሮቹን በቁመታቸው አጥፎ በጣቶቹ መካከል እንደሚሰካ ታያላችሁ። የሚጠቁመውም በእነዚያው ጣቶች ስለ ሆነ እጁ እንደ አምሳያዋ እጅ ባዶና ቀጥ ያለ አይደለም። ዓይኑ ደግሞ ወደሚጣራላቸው ሰዎች ሳይሆን ወደ ትራፊክ ፖሊሱ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ብቻ ወደ ሣጥናችሁ ብታስገቡ ሥዕሉ ከአራት ኪሎ ይሆናል።

ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ በዚህ ሁሉ ተስፋ መቍረጥ የለበትም። በስልክ የሚሠሩ አምሳያዎች አሉ። ስልኩም ከሌለ ቀጭን ሽቦ ጠምዝዞ በጭቃ የተለበጠ አንድ ስንዝር የሚያህል ሰው መሥራት ይቻላል፤ የቲንቶሬቶም ከዚህ የራቀ አልነበረም። የማደሪያ ጓደኛንም በአንድ ሻይ ለአምስት ደቂቃ ማስቆም ይቻላል፤ ብቻ ሻይው ከአቋሙ በኋላ ይከፈል።

ስለ ኅትመታችን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አምሳያዎች በስክሪን ላይ በለስላሳ ግራጫ ጥላ ተሸፍነው ስለሚታዩ፥ ብዙዎች ያንን ግራጫ በእርሳስ እየፈገፈጉ ይሥላሉ። መጽሔታችን የሚባዛው በፎቶ ኮፒ ነው። ግራጫው ሁሉ ወይ ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል፥ ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ ብርሃኑን አንድ ብቻ አድርጉት፤ ጥላው የሚጀምርበትን ድንበር ፈልጉና በአንድ መስመር ለዩት፤ ከድንበሩ ወዲያ ያለውን በጥቁር ቀለም ሙሉት ወይም በተራራቁ ጭረቶች ሸፍኑት። ለፊት ላይ ጥላ ግን ስስታሞች ሁኑ፤ ማባዣው አፍንጫን ከጢም ጋር ማጣበቅ ይወዳል።

ለልምምድ ያህል ይኸንኑ ወያላ ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ሆናችሁ እንዳያችሁት አድርጋችሁ ያለ አምሳያ ሣሉት። ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ ካሜራውን ወደ ላይ ወስዳችሁ አመሳክሩ። በመጀመሪያ የሚታያችሁ ራሱ ከጠበቃችሁት ይልቅ መግዘፉ፥ እግሩም በጣም ማጠሩ ነው። ቀጥሎም የሚጠቁመው ክንድ በመንገድ ላይ ሆናችሁ ስታዩት ያጠረውን ያህል እንዳላጠረ ልብ ትላላችሁ። ልዩነቶቹን በቀይ እስክሪብቶ በንድፋችሁ ላይ አስፍሩ፤ ንድፉንም አትጣሉት፤ በሚቀጥለው እትም ስለ እጅና ስለ ጣቶች ብቻ ስንነጋገር ያስፈልጋችኋል።